ልጆቹን ባንክ ከመውሰዳችሁ በፊት፦ ተማሪን ብር አያያዝ የማስተማር መንገድ

የማስተምረው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ከክፍሌ ብዙዎቹ የገጠር ልጆች ናቸው። ሁለት ሦስት እየሆኑ ከተማ ላይ አንድ ክፍል ቤት ይከራያሉ። ቅዳሜና እሑድ ቤተሰብ ጋ ሄደው ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። እንጀራው፣ ድርቆሹ፣ ሽሮው፣ በሶው በማዳበሪያ ተቋጥሮ ይመጣል። ከስንቁ ጋር ደግሞ እናት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያቆየቻት ትንሽ ብር አለች። ለእኔ የገንዘብ ትምህርት የሚጀምረው ከዚች ብር ነው።

እነዚህ ልጆች በአሥራ አምስት ዓመታቸው ቤት የሚያስተዳድሩ ሰዎች ናቸው። ኪራይ ይከፍላሉ፣ ሳሙና ይገዛሉ፣ ሲታመሙ ራሳቸው ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ። ስለ ገንዘብ ግን ቁጭ አድርጎ ያስተማራቸው የለም። ልናስተምር ስንነሣም ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው እንጀምራለን። የባንክ ሰው ይጠራል፣ ንግግር ይደረጋል፣ አርባ ልጅ በአንድ ቀን አካውንት ይከፍታል፣ ፎቶ ይነሣል። በዓመቱ ስታዩት ሂሳቡ ላይ ያለችው ያው የመክፈቻዋ ብር ናት። ስለዚህ ባንኩ ኋላ ይምጣ። መጀመሪያ ልጁ እጁ ላይ ያለችውን ብር አይቶ ይወቃት።

ከዚህ በታች ያለውን በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ በክበብም ሆነ ከመደበኛው ትምህርት ጋር አያይዛችሁ፣ በአንድ ወሰነ ትምህርት መጨረስ ይቻላል።

1. ሁለት ሳምንት መጻፍ ብቻ

አንድ ሉክ ወረቀት አጥፈው ትንሽ ደብተር ይሥሩ። በግራ የመጣ፣ በቀኝ የወጣ። በየማታው፣ መብራት ከመጥፋቱ በፊት፣ የዛሬውን ይጻፉ። ሻይ በዳቦ፣ ፎቶ ኮፒ፣ የሞባይል ካርድ፣ ባጃጅ፣ ቆሎ፣ ለጓደኛ የተሰጠ፣ ሁሉም ይግባ። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ምክር አትስጡ። «ይህን ለምን ገዛህ?» ያላችሁት ቀን ልጁ መዋሸት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ደብተሩ ዋጋ የለውም።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ደብተሯን ያመጣችበትን ቀን አልረሳውም። በእርሳስ ነው የጻፈችው፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። ማክሰኞ ካርድ፣ ረቡዕ ካርድ፣ ዓርብ ካርድ። እያንዳንዱ አነስተኛ ነው። አንድ ላይ ስትደምራቸው ግን ከሳሙናና ከእስክሪብቶ ወጪዋ በለጠ። ምንም አላልኳት። ራሷ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየችው፣ ከዚያ «መምህር፣ ይሄ ሁሉ ካርድ ነው?» አለች። እኔ ስድስት ክፍለ ጊዜ ብናገር ያን አላመጣም ነበር።

2. ስንቁን በብር መተመን

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ እወደዋለሁ። ልጆቹ «ቤተሰቤ በሳምንት ይህን ያህል ብር ይሰጠኛል» ሲሉ ስንቁን አይቆጥሩትም። ስለዚህ በሚቀጥለው የገበያ ቀን የቤት ሥራ ስጧቸው። የጤፍ፣ የሽንብራ፣ የበርበሬ፣ የገብስ ዋጋ ጠይቀው ይምጡ። ከዚያ በሳምንት የሚበሉትን እንጀራና ሽሮ፣ ለበሶው የገባውን ገብስ፣ ማገዶውንም ጨምረው ያስሉ።

ድምሩ ሰሌዳ ላይ ሲወጣ ክፍሉ ዝም ይላል። ከኪስ ብራቸው ብዙ እጥፍ ነው። ያኔ ነው አባትና እናት በየሳምንቱ የሚልኩት ምን ያህል እንደሆነ የሚገባቸው። ከተማ ተወልደው ከቤተሰብ ጋር የሚኖሩትም ተመሳሳይ ሥራ ይሥሩ። ኪራዩ፣ መብራቱ፣ ምሳው የማን ብር እንደሆነ ይቁጠሩ።

3. የቤተሰቡን ዓመት በወር መዘርጋት

በየመጽሐፉ «ወርሃዊ ገቢህን በሦስት ክፈል» የሚል ምክር አለ። የደመወዝተኛ ምክር ነው። የጎጃም ገበሬ ወርሃዊ ገቢ የለውም። ገቢው በዓመት አንዴ ሁለቴ ይመጣል፣ ወጪው ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። ስለዚህ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን አሥራ ሦስት ሳጥን ሠርታችሁ ልጆቹ ከቤተሰባቸው ጠይቀው ይሙሉት።

መስከረም ላይ ደብተርና ዩኒፎርም አለ። ውቂያው አልቆ እህሉ ጎተራ ሲገባ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ ብር አለ፣ ግን ሁሉም አብሮ ስለሚሸጥ ዋጋው ይወርዳል። ፋሲካ ሲደርስ ዶሮና እንቁላል ይፈለጋል። ግንቦትና ሰኔ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ወጪ ቤቱን ያራቁተዋል። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው ይጎድላል፣ ጥር ላይ በርካሽ የሸጠው ቤተሰብ ነሐሴ ላይ በውድ ይገዛል። የቡሬና የፍኖተ ሰላም አካባቢ ልጅ በርበሬና በቆሎ ይጽፋል። የአዊ ልጅ፣ በተለይ የፋግታ ለኮማ፣ ደከረንስ የሚባለውን ለከሰል የሚተከል ዛፍና ከሰሉን ይጽፋል። የየአካባቢው ሳጥን ይለያያል፣ ይለያይ።

ሳጥኑ ከተሞላ በኋላ ጥያቄው አንድ ነው፦ የመስከረሙን ደብተር በየትኛው ወር ብር እንገዛዋለን? ልጆቹ ራሳቸው ናቸው «በጥር ወር ብር» የሚሉት። ቁጠባ ማለት ይህ መሆኑን ትርጉም ሳታስጽፉ አስተማራችሁ ማለት ነው። በዚያው ክፍለ ጊዜ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ግብ ይምረጥ፣ ዋጋ ይጻፍበት፣ ወር ይጻፍበት። «ለወደፊት ሕይወቴ» የሚል ግብ አትቀበሉ። «የመስከረም ጫማ» ተቀበሉ።

4. ክፍል ውስጥ የሚሠራ ባንክ

አሁን ወደ ባንክ እንቅረብ፣ ግን ገና ክፍል ውስጥ ነን። የገቢና የወጪ ቅጽ ከቅርንጫፍ ለምናችሁ አምጡ፣ ካልሰጧችሁም ራሳችሁ አስመስላችሁ ሥሩት። ሦስት ነገር አለማምዷቸው።

አንደኛው ፊርማ ነው። በዚህ ዕድሜ ልጅ ፊርማው በየሳምንቱ ይለዋወጣል፣ ጅራት ይጨምርበታል፣ ክብ ይጨምርበታል። ባንክ ደግሞ መጀመሪያ የፈረምከውን ነው የሚያመሳክረው። ቀለል ያለች ፊርማ ይምረጡና ሃያ ጊዜ ይፈርሙ። በሳምንቱ ሳያዩ አስፈርሟቸውና ሁለቱን ወረቀት አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ አሳዩአቸው። ክፍሉ በሙሉ ይስቃል፣ ግን ይማራል።

ሁለተኛው በፊደል መጻፍ ነው። 2,050 ሁለት ሺህ ሃምሳ ነው፣ 2,500 ሁለት ሺህ አምስት መቶ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሶ እዚህ ላይ የሚደናገር ልጅ አይቻለሁ። ቅጽ ላይ ስርዝ ድልዝ አይፈቀድም፤ ከተሳሳቱ ሌላ ቅጽ ነው። ቀኑንም አብራችሁ አስተምሩ፤ የባንክ መልእክት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚመጣ ብዙ ልጅ የራሱን ብር የገባበትን ቀን አያውቀውም።

ሦስተኛው ስም ነው። ይህ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ብዙ ልጅ ከመስኮት የሚመለሰው በዚህ ነው። «ይበልጣል» የሚለውን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ ብላችሁ ለአሥር ልጅ ስጡ፣ አራት አምስት ዓይነት አጻጻፍ ታገኛላችሁ። በትምህርት ማስረጃው አንድ፣ በፋይዳው (በብሔራዊ መታወቂያው) ሌላ፣ በባንኩ ሦስተኛ ከሆነ ኋላ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ መከራ ነው። ከነአባት ከነአያት አንድ አጻጻፍ መርጠው ደብተራቸው ሽፋን ላይ ይጻፉት፣ ሁልጊዜ ከዚያ ይገልብጡ።

እዚህ ላይ በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። አንድ ዓመት የክበቡን ልጆች ቁጠባ እኔ ሰብስቤ ቤቴ አስቀመጥኩ። ደረሰኝ አልነበረም፣ አንድ ደብተር ብቻ። ዓመቱ ሲያልቅ የአንድ ልጅ ቁጥርና የእኔ ቁጥር አልገጠመም። ከኪሴ ሞልቼ ሰጠሁት፣ ልጁ ግን ፊቱ አልተፈታም፣ እኔም እስካሁን የማን ስህተት እንደነበረ አላውቅም። የተማሪን ብር መምህር አይያዝ። በምንም ምክንያት። ለመለማመጃ የወረቀት ብር ሥሩ፣ እውነተኛውን ልጁ ራሱ ይያዝ።

5. ወደ ባንኩ መሄድ

ለሥራ አስኪያጁ ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ይዛችሁ ቀድማችሁ ሂዱ። ገበያ ቀንና ደመወዝ የሚከፈልበትን ሰሞን አትምረጡ። ልጆቹን አሥር አሥር አድርጋችሁ ውሰዱ። ከመሄዳቸው በፊት ጥያቄያቸውን ጽፈው ይያዙ፣ መልሱንም እነሱ ይጻፉ፦ ስንት ብር ይዞ ይከፈታል? ለኤቲኤም ካርዱ ይቆረጣል? ለዝውውርስ? ወለዱ ስንት ነው? ደብተሩ ቢጠፋ ምን አደርጋለሁ? ባንኩ ቢዘጋ ብሬስ?

የመጨረሻውን ጥያቄ ልጆች ሁልጊዜ ይጠይቁታል፣ ስለዚህ እናንተም ተዘጋጁበት። አገራችን አሁን የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ አላት። ባንክ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ድረስ ይሸፍናል።

ሰነዱን በተመለከተ፣ ዕድሜው 18 ያልሞላ ልጅ በአብዛኛው የሚከፍተው በወላጅ ወይም በአሳዳጊ በኩል ነው፤ ወላጅ አብሮ ይመጣል ማለት ነው። ፋይዳ አስቀድመው ያውጡ፣ ባንኮች አሁን የሚጠይቁት እሱን ነው። ፎቶና የትምህርት ቤት መታወቂያም ይያዙ። ወላጅ መጻፍ ባይችል በአሻራ ይፈርማል፣ በዚህ ማንም ሊያፍር አይገባም፣ ለልጆቹም ቀድማችሁ ንገሯቸው።

የትኛው ባንክ? እኔ የባንክ ስም አልመርጥላቸውም። ልጁ ሳምንቱን የሚያሳልፍበት ከተማ ላይ ቅርንጫፍ ያለው፣ ቢቻል ለቤተሰቡም የሚቀርብ ይሁን። ወላጆቻቸው «ብድርና ቁጠባ» የሚሉት የቀድሞው አብቁተ ዛሬ ፀደይ ባንክ ነው፤ ይህን ስትነግሯቸው ብዙ ገበሬ ፊቱ ይበራል፣ ያውቀዋልና። ወለድ መቀበል የማይፈልግ ሙስሊም ተማሪ ካለ ከወለድ ነፃ አገልግሎት መኖሩን ሳይጠይቃችሁ ንገሩት። ሞጣም ባሕር ዳርም እንዲህ ያሉ ልጆች ሞልተዋል፣ ሳያውቁ ብራቸውን ትራስ ሥር የሚያኖሩ።

6. ስልኩ

ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚፈልገው ይህ ነው፣ ሁለት ክፍለ ጊዜ ስጡት።

መጀመሪያ አንድ ነገር ጠይቁ፦ የያዝከው ሲም በማን ስም ነው? ግማሹ ክፍል በወንድሙ፣ በአጎቱ፣ በድሮ ጓደኛው ስም የወጣ ሲም ነው የያዘው። ሲሙ የማን ነው ማለት ቴሌብሩና የባንክ ኮዱ የማን ነው ማለት ነው። ባለስሙ ሄዶ «ጠፋብኝ» ብሎ ሲሙን ቢያወጣው ሁሉም ይከተለዋል። ብር ከመግባቱ በፊት ይህ ይስተካከል።

ቴሌብር ከመጣ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ገጠሩም ለምዶታል። *127# ኢንተርኔት አይፈልግም፣ የንግድ ባንኩ *889#ም እንዲሁ። ስማርት ስልክ የሌለው ልጅ ኋላ ቀረሁ እንዳይል ትምህርቱን በእነዚህ ጀምሩ። እኛ እዚህ ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ የኖርን ሰዎች ነን። መንገድ ሲዘጋ፣ ባንክ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን አይተናል። ስለዚህ ሁሉንም ብር ስልክ ላይ አድርጉ አልላቸውም። የሁለት ሳምንት ወጪ የሚሆን ጥሬ ብር ምንጊዜም እጅ ላይ ይኑር።

ከዚያ የማጭበርበሩን ጉዳይ በጨዋታ አሠሯቸው። አንድ ልጅ ደዋይ፣ አንድ ልጅ ተቀባይ። ሦስቱ የተለመዱት እነዚህ ናቸው።

«ከባንኩ ነው የምንደውለው፣ የደረሰሽን ኮድ ንገሪን።» ባንክ ኮድ አይጠይቅም። ፒን ለመምህርም፣ ለቤት አከራይም፣ ለፍቅረኛም አይነገርም።

«በስህተት ብር ልኬልሃለሁ፣ እባክህ መልስልኝ።» አብሮ የውሸት መልእክት ይመጣል። እዚህ ላይ ዋናው ልማድ አንድ ነው፦ መልእክቱን አትመን፣ ቀሪ ሂሳብህን ራስህ ገብተህ እይ። ብሩ እውነት ገብቶ ከሆነ ባንኩ ወይም ቴሌብር በኩል ይመለስ እንጂ ለደዋዩ በሌላ ቁጥር አይላክ። የንግድ ባንክ ከሆነ 951፣ የቴሌብር ከሆነ 127 ይደወላል።

ሦስተኛው የስክሪንሾቱ ነው። ቅዳሜ ገበያ ላይ ዶሮ የሚሸጥ ልጅ «ልኬልሃለሁ፣ ይኸው» ተብሎ ስክሪንሾት ይታየዋል፣ ዶሮዋ ትሄዳለች፣ ብሩ የለም። የራሱ ስልክ ላይ ቀሪ ሂሳቡ ሳይጨምር እቃ አይለቀቅም። ገዢው ቢቸኩልም፣ ቢቆጣም አይለቀቅም። ልጆቹ ይህን «አይሆንም» ማለት ድምፃቸውን አውጥተው ይለማመዱት፤ ለትልቅ ሰው እምቢ ማለት በእኛ አስተዳደግ ከባድ ነውና። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እስኪገባ እንጠብቅ» ማለት ይቻላል፣ ክብርም አይጎድልም።

የመጋቢት 2016ቱንም ንገሯቸው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ ችግር ተፈጥሮ ለተወሰኑ ሰዓታት ሰው ሂሳቡ ላይ ከሌለው በላይ ማውጣት ችሎ ነበር። ካወጡት ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ መልሱ አለ፣ ብዙዎቹ መለሱ፣ ያልመለሱትን ስምና ፎቶ ለሕዝብ አወጣ። ልጆቹን «እናንተ ብትሆኑስ?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም ብላችሁ ስሟቸው። እያንዳንዱ ዝውውር ስምና ሰዓት እንዳለው፣ ያልሠራነው ብር ሂሳባችን ላይ ስለታየ የእኛ እንደማይሆን ከራሳቸው አፍ ይወጣል።

7. ወለድ፣ ሳይጋነን

ሂሳቡ ቀላል ነው። ብሔራዊ ባንክ ከጥቅምት 2010 ጀምሮ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አድርጎታል። 1,000 ብር ዓመት ቢቀመጥ 70 ብር፣ ግማሽ ዓመት ቢቀመጥ 35 ብር። ከወለዱ ላይ ጥቂት ግብር ይቆረጣል። ቀጥሎ ግን እውነቱን ንገሯቸው። ባለፉት ዓመታት የጤፍ ዋጋ የጨመረው ከዚህ በብዙ ነው። ልጆቹ በደረጃ 2 የሰበሰቡትን ዋጋ አውጥተው እናታቸው ከሚያስታውሱት የአምና ዋጋ ጋር ያነጻጽሩት። ለአጭር ጊዜ ግብ፣ ለመስከረም ጫማ፣ ባንክ ጥሩ ነው፤ ብሩ አይጠፋም፣ እጅም አያሳክክም። ለረጅም ጊዜ ግን ገበሬው ብሩን ወደ በግ የሚቀይረው ያለ ምክንያት አይደለም። በግ ትታመማለች፣ ትሰረቃለች፣ ግን ትወልዳለች። ሁለቱን አመዛዝነው ራሳቸው ይወስኑ።

8. ብድርና እቁብ

ክፍል ውስጥ የሚዞረው ብድር ትንሽ ነው፣ ጠቡ ግን ትልቅ ነው። ሕጉ አጭር ይሁን፦ ስንት፣ ለመቼ፣ በጽሑፍ። ዋስ መሆን ማለት እኔ እከፍላለሁ ማለት እንደሆነ በደንብ አስረዱ፤ ልጆቻችን ሲያድጉ በይሉኝታ ዋስ እየሆኑ ነው የሚጎዱት። አራጣንም በስሙ ጥሩት።

እቁብ ግን ይሥሩ። አሥር ልጅ በሳምንት 20 ብር ቢጥል ዕጣው 200 ብር ነው። ዳኛና ጸሐፊ ከራሳቸው ይመረጥ፣ ዕጣው በክፍሉ ፊት ይውጣ፣ እያንዳንዱ ሲቀበል ይፈርም። መጀመሪያ የወጣለት ከጓደኞቹ ያለ ወለድ እንደተበደረ፣ መጨረሻ የወጣለት እንደቆጠበ ያስተውሉ። እቁቡ ከፈተና ሳምንት በፊት ተዘግቶ ይለቅ፤ ልጅ አቋርጦ ቢሄድ ሌላው እንዳይቀርበት።

9. ወላጅን መጥራት

ይህን መጀመሪያ አድርጌው አልተሳካልኝም። ገና ደብተር ሳይጻፍ ወላጅ ሲጠራ «ልጄ ብር አባከነ እንዴ?» ብሎ ነው የሚመጣው። አሁን የምጠራቸው የዓመቱ ሳጥን ከተሠራ በኋላ፣ በገበያ ቀን ጠዋት ነው፤ ያኔ ለማንኛውም ከተማ ይመጣሉ። ልጆቹ ሰሌዳው ላይ ያለውን ያስረዷቸዋል። ባለፈው ዓመት አንድ አባት ዱላቸውን አስደግፈው ቆመው የጥርንና የነሐሴን ሳጥን ሲያዩ ቆዩና «ይህን እኔም አውቀዋለሁ፣ ተጽፎ ግን አላየሁትም» አሉ።

ስብሰባው ላይ አንድ ከባድ ጉዳይ በግልጽ አንሡ። በልጅቷ ስም የተጠራቀመ ብር ቤቱ ሲቸገር ይወጣል፣ ከወንዱ ይልቅ የሴቷ ቶሎ ይነካል። ማን፣ መቼ፣ ለምን ማውጣት እንደሚችል ወላጅና ልጅ እዚያው ይነጋገሩ፣ በደብተሩ ላይም ይጻፉት። ለሕመምና ለማዳበሪያ ቢወሰድ እንኳ ብድር ተብሎ፣ ከእህሉ ሽያጭ የሚመለስበት ወር ተጠቅሶ ይሁን።

ሰኔ ላይ ልጆቹ ወደየቤታቸው ከመበተናቸው በፊት አንድ በአንድ አስጠጓቸውና ሦስት ነገር እዩላቸው። ሲሙ በስማቸው ነው? ፒናቸው ደብተር ላይ ተጽፎ አልተቀመጠም? የሐምሌና የነሐሴን ገጽ አስምረዋል? ከሦስቱ አንዱ የጎደለው ልጅ እዚያው፣ እናንተ ፊት፣ አስተካክሎ ይሂድ።